ጂ ፕላስ ስንት? የከፍታ ታሪክ ከአንኮበር ኮረብታ እስከ ደብረ ብርሃን አስፋልት

ደብረ ብርሃን ላይ "በሊዝ ቦታ ወጣልኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከ"እንኳን ደስ አለህ" ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፦ "ጂ ፕላስ ስንት ነው?"

ጂ መሬት ላይ የሚያርፈው ወለል ነው። ፕላስ ከዚያ በላይ የሚደረደረው። ጂ ፕላስ ዜሮ ከሆነ ቪላ ነው፤ ጂ ፕላስ ሁለት ከሆነ "ይበርታ" ይባላል፤ ጂ ፕላስ አምስት ከሆነ ደግሞ ሰውየው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ ባንክ ያመነው ነው፣ ወይ ጭንቀት ውስጥ ሊገባ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሰውየው አይደለም። ፕላኑ ነው።

በሌላው ዓለም የሕንፃ ከፍታ ገደብ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጣሪያ ነው፤ "ከዚህ በላይ አትውጣ" የሚል ደንብ። እኛ አገር ከተሞች ውስጥ፣ በተለይ ዋና መንገድ ዳር፣ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው ተቃራኒው ነው፤ "ከዚህ በታች አትሥራ" የሚለው። ከፍ ማለት መብት የነበረበት፣ ያውም የጥቂቶች መብት የነበረበት አገር፣ ከፍ ማለት ግዴታ ወደሆነበት እንዴት ተሻገረ? ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁት ሁለቱ የሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ ደብረ ብርሃንና አንኮበር፣ ታሪኩን ከነሙሉ ጓዙ ይዘውታል።

የበላይ እና የበታች

መጀመሪያ ቋንቋችንን እንስማው። ሥልጣን ያለውን ሰው "የበላይ" እንለዋለን፤ የሌለውን "የበታች"። ቢሮ ሄደን ጉዳያችን ሳይፈጸም ሲቀር "የበላይ አካል ይወስን" እንባላለን። መሥሪያ ቤት "ከፍተኛ" እና "ዝቅተኛ" አለው። ግብር ላይ ሰው ሲቀመጥ ራስጌና ግርጌ አለ። አማርኛ ሥልጣንን የሚለካው በሜትር ነው ማለት ይቻላል።

"ፎቅ" የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም "ላይ" ማለት ነው። ስለዚህ "ባለ ፎቅ" ስንል "ባለ ላይ" እያልን ነው። "ደብር" ደግሞ በግዕዝ ተራራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከመተከሏ የተነሳ ተራራውና ቤተ ክርስቲያኗ አንድ ስም ተጋሩ። ደብረ ብርሃን የብርሃን ተራራ ናት።

ስሙን ያወጣላት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ይህ ንጉሥ በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው በዚህ ቦታ ሳለ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ አጠገቡም ቤተ መንግሥት። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን ግን ሌላው ነገር ነው፤ ንጉሡ እዚያው መቀመጡ። የኢትዮጵያ ነገሥታት በዚያን ዘመን ድንኳን ነቅለው ድንኳን ተክለው የሚኖሩ ነበሩ። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ከቀሪው ዘመኑ አብዛኛውን ደብረ ብርሃን ላይ አሳለፈ። ቤተ መንግሥቱን በአጥር ዘጋ፤ አስማት ይሠራብኛል ብሎ ይፈራ ስለነበር ካህናት ቀን ከሌት እየጸለዩ በግቢው ዙሪያ ጸበል ይረጩ እንደነበር ዜና መዋዕሉ ይናገራል።

ልብ በሉ፤ ያ ቤተ መንግሥት ስንት ሜትር ይረዝም እንደነበር ማንም አይጨነቅም ነበር። የሚያስጨንቀው ማን ይቀርበዋል፣ ማን ያየዋል የሚለው ነበር። እሱ ሲሞት ልጁ በእደ ማርያም ወደ ድንኳኑ ኑሮ ተመለሰ። ከተማ ነቅሎ መሄድ በሚቻልበት አገር የሕንፃ ከፍታ ደንብ መጻፍ ትርጉም የለውም። ድንኳን ጂ ፕላስ የለውም።

ድንኳን ግን ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለው ቦታ ላይ መሃል ይተከላል፤ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ይሰፍራሉ። ማንም ሳይለካ ሁሉም የት መስፈር እንዳለበት ያውቃል። ይህ ሥርዓት ከድንኳን ወደ ቤት ሲዛወር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ አንኮበር ይውጣ።

ኮረብታው ራሱ ደንብ ነበር

አንኮበር የምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ በብርዱ ሜዳ ትጓዙና መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው፤ አልዩ አምባ፣ ከዚያ ቆላው፣ ከዚያ አፋር። ስሟ "የአንኮ በር" ከሚለው መጣ ይባላል፤ አንኮ ቀድሞ እዚያ የነበረች የኦሮሞ ንግሥት ናት ይላል ትውፊቱ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የሸዋው ገዢ አምኃ ኢየሱስ መናገሻው አደረጋት። በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.፣ የውጭ እንግዶች የሚመጡባት፣ ውል የሚፈረምባት፣ የቆላና የደጋ ንግድ የሚገናኝባት ከተማ ሆነች። ሚስዮናዊው ክራፕፍ መጣ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጣ። በ1841 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ከባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ አድርጎ መጣ፤ በኅዳርም ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ።

ሃሪስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የምናየው ከተማ እንዲህ ነው፦ ሾጣጣ ኮረብታ፤ አናቱ ላይ የንጉሡ ግቢ፤ ግቢውን የከበበ የእንጨት አጥር፤ ከዚያ በታች በተዳፋቱ ላይ የተጣበቁ የሣር ክዳን ቤቶች። ወደ ከተማዋ ለመግባት ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። ወደ ላይ መውጣት ቀስ በቀስ፣ በር በበር፣ ፈቃድ በፈቃድ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ደስ የሚለው። አንኮበር ላይ "ከንጉሡ ቤት የሚረዝም ቤት እንዳይሠራ" የሚል ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር። ጂኦግራፊው ጽፎታል። ከኮረብታው ግርጌ ያለ ሰው ሦስት ፎቅ ቢደርብ እንኳ ንጉሡ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ሆኖ ከላይ ያየዋል። የከፍታ ልዩነቱን የሚፈጥረው ግድግዳ አልነበረም፤ ቦታ ነበር። እንግዲህ ቦታ የሚሰጠው ንጉሡ ነው። ዛሬ "የቦታ ደረጃ" የምንለው ነገር ያኔም ነበር፤ ካርታው ግን ኮረብታው ራሱ ነው።

ከንጉሡ ጋር ከፍታን የሚጋራ አንድ ባለ መብት ብቻ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን። የአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያው ባሉት ጉብታዎች ላይ በዛፍ ተከበው ተቀምጠዋል። ሰው የሚኖረው በሁለቱ መካከል፣ ተዳፋቱ ላይ ነው።

ምኒልክ በ1865 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ሲገባ አንኮበርን መልሶ መናገሻው አደረጋት። ኋላም ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ይህንኑ ሥርዓት ይዞት ሄደ። ግቢው ጉብታ ላይ፤ መኳንንቱ በየጉብታው። የራስ ብሩ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። አዲስ አበባ ስትወለድ የአንኮበር ልጅ ነበረች ብንል አላጋነንም።

መሬቱ የራሱን ደንብ ሲናገር

አንኮበር ላይ ከንጉሡም ከካህኑም በላይ የሆነ ሦስተኛ ባለሥልጣን አለ። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሲናገር ግን ይሰማል።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ እነ ሃሪስ ሸዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ከባድ ዝናብና የመሬት መንቀጥቀጥ ተደርበው አንኮበርን መቷት። ተዳፋቱ ተንሸራተተ። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቁልቁል ሄዱ። ይህን ታሪክ ኋላ ላይ አሰባስቦ የመረመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውን ይመራ የነበረው ካናዳዊው ፒየር ጉዋን ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፉ።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። አንኮበር የቆመችበት አፋፍ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ያ ከሎጁ በረንዳ ሆነን ፎቶ የምናነሳው አስደናቂ ገደል የተፈጠረው መሬት ተሰንጥቃ፣ አንዱ ወገን ወርዶ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ስለቀረ ነው። የምናደንቀው እይታና የምንፈራው መንቀጥቀጥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ግንቦት 1953 ዓ.ም. ላይ ተራው የሰሜን ሸዋ ሰሜናዊ ጫፍ ነበር። የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተብሎ በሚታወቀው አደጋ ማጀቴ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች፤ ካራቆሬ ክፉኛ ተጎዳች፤ ከካራቆሬ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ፣ ናዳ ወረደበት። ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ቤት አልባ ቀሩ። ተከታታይ መንቀጥቀጡ ለወራት ዘለቀ።

ማጀቴ ላይ የፈረሱት ቤቶች ሰማይ ጠቀስ አልነበሩም። ይህን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሕንፃን የሚገድለው ቁመት ብቻ አይደለም።

ሌሎች እንዴት ጻፉት

ከፍታን በጽሑፍ መገደብ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። አውግስጦስ ቄሣር ሮም ውስጥ ሕዝብ መንገድ ዳር የሚሠራቸውን ቤቶች በ70 የሮም ጫማ፣ ወደ 20 ሜትር ገደማ፣ ገደበ። ትራያን ወደ 60 አወረደው። ምክንያቱ ውበት አልነበረም። አከራዮች ፎቅ በፎቅ ላይ እየደረቡ ቤቱ በተከራይ ላይ ይደረመስ ነበር፤ እሳት ሲነሳም ላይ ያለው አይተርፍም።

ዋሽንግተንን እንይ። ብዙ ሰው የአሜሪካ ዋና ከተማ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሌላት የምክር ቤቱን ጉልላት እንዳይጋርድ ነው ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ካይሮ የሚባል 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም አፓርታማ በመኖሪያ ሰፈር መካከል ተገተረ። ጎረቤት ተንጫጫ፤ የእሳት አደጋ መሰላል አይደርስበትም ተባለ። በ1899 ሕግ ወጣ፤ በ1910 ተሻሻለ። የ1910ሩ ሕግ መነሻው ጉልላቱ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ የመንገዱ ስፋት ሲደመር 20 ጫማ፣ ከዚያ በላይ አትሂድ።

ሮምም ዋሽንግተንም የጠየቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ ይህ ሕንፃ ሲወድቅ፣ ሲቃጠል ወይም ሲያጠላ ማን ላይ ነው? ጣሪያውን የለካው ፍርሃት ነው፤ ግን ስለ ተራው ነዋሪ የሆነ ፍርሃት። የእኛ ከተሞች ወደ ተጻፈ ደንብ የገቡት በሌላ በር ነው።

1967፦ ሳይጻፍ የወረደው ጣሪያ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ለመኖሪያ የሚሆን ቦታ ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር። ቤት ማከራየት የግለሰብ ሥራ መሆኑ ቀረ። ትርፍ ቤቶቹ ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ።

አዋጁ የከፍታ ገደብ አይደለም። ውጤቱ ግን ገደብ ነበር፤ ምናልባትም አገራችን ካየቻቸው ገደቦች ሁሉ የጠነከረው። እስቲ አስቡት፦ ሰው ፎቅ የሚሠራው ለምንድን ነው? ከታች ኖሮ ከላይ ሊያከራይ፣ ወይ ከታች ሱቅ ከፍቶ ከላይ ሊኖር ነው። ማከራየት ከተከለከለ ሁለተኛው ወለል ለማን ነው? የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ የራሱ ስላልሆነ አይገነባበትም፤ ቀበሌውም ከሚሰበስባት ጥቂት ብር እንኳን ፎቅ ሊጨምር ጣሪያውን ማደስ አይችልም።

በቃ፤ ከተሞች ባሉበት ቆሙ። በየከተማው መሃል ዛሬም የምናያቸው እርስ በርስ የተደጋገፉ፣ ቆርቆሯቸው የዛገ፣ ግድግዳቸው ወደ መንገድ ያዘነበለ ቤቶች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ድሆች ቢሆኑም አንድ ነገር ነበራቸው፤ መሃል ከተማ መኖር። ጉልት ለምትሸጥ ሴት ገበያው በእግር አምስት ደቂቃ ነበር። ይህን መልካም ጎን ያሰበበት የለም፤ እንዲያው ሆነ እንጂ።

ከጣሪያ ወደ ወለል

በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 ሊዝን በመላ አገሪቱ የከተማ ቦታ መያዣ ዋና መንገድ አደረገው። መሬት ዋጋ አገኘች። ዋጋ ስታገኝ ደግሞ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ይህን የሚያህል ውድ ቦታ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ምን ትሠራለች?

መልሱ ዝቅተኛው ከፍታ ነው። የከተማ ፕላን መንገዶችን በደረጃ ይከፍላል። ለዋናው መንገድ ዳር ቢያንስ ይህን ያህል ፎቅ፤ ለውስጡ ይህን ያህል። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ከተማ በጎን ብቻ ከሰፋ የገበሬ ማሳ ይበላል። ውኃ፣ መብራት፣ መንገድ በየሄደበት መከተል አለበት። በ1999ኙ ቆጠራ ደብረ ብርሃን ከ65 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት፣ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ መጣ። ይህ ሁሉ ሰው ጂ ፕላስ ዜሮ ይኑር ከተባለ የገብሱና የባቄላው መሬት አይተርፍም።

ግን ደግሞ አንዲት እናት አስቡ። የትኛውም ከተማ ትሁን። አባታቸው ያወረሷቸው ቤት መንገድ ዳር ነው። ቤቱ ሲሠራ መንገዱ ፒስታ ነበር፤ ዛሬ ባለ ሁለት መስመር አስፋልት ሆኗል። እሳቸው ሳይንቀሳቀሱ ቦታቸው ተንቀሳቀሰ፤ ደረጃው ከፍ አለ። አሁን ፕላኑ ቢያንስ ጂ ፕላስ ሦስት ወይ አራት ይላል። የፊተኛውን ግድግዳ አፍርሰው በብሎኬት ሊያድሱ ቢሉ ፈቃድ አያገኙም፤ ምክንያቱም ዕድሳቱ ፕላኑን አያሟላም። በፕላኑ መሠረት ሊገነቡ ቢሉ ብረትና ሲሚንቶ የሚገዙበት የላቸውም። መሸጥ ይችላሉ። መልሶ ማልማት ሲመጣ ምትክ ቦታ ወስደው ከከተማ ጠርዝ መውጣት ይችላሉ። መቆየት ነው የሚቸግራቸው።

ሕጉ ይህን ሳያስበው አልቀረም። በ2012 መጀመሪያ የወጣው የቦታ ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161/2011፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይደነግጋል። "በጋራ" የምትለዋ ቃል ትልቅ ቃል ናት። አምስት ጎረቤቶች ቦታቸውን ቀላቅለው አንድ ሕንፃ ቢያቆሙ ያቺ እናት ምድር ላይ ያለውን አንድ ሱቅና አንድ ክፍል ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። ዕድሩን፣ ዕቁቡን ለዘመናት ያስተዳደረ ሕዝብ ይህን አይችልም አይባልም። ግን ብድሩ፣ የጊዜ ገደቡና ወረቀቱ ለአክሲዮን ማኅበር የተሰፋ እንጂ ለአምስት ጎረቤት የተሰፋ አይደለም። መብቱ ወረቀት ላይ አለ፤ ደረጃው ግን ተጎድሏል።

አንኮበር ላይ ደሃው ከፍ እንዳይል ኮረብታው ይከለክለው ነበር። ዛሬ ደሃው ከፍ በል ይባላል፤ ካልቻለ ይወርዳል። ሁለቱም የከፍታ ደንብ ናቸው። ማን መሃል ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ያው እነሱ ናቸው።

12 ሜትር ከየትኛው መሬት?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከፍታን በሌላ መንገድ ያያል። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ምድብ "ሀ" ቀላሉ ነው፤ ባለ አንድ ወለል ወይም ከሁለት ወለል በታች የሆነ የግል መኖሪያ። ምድብ "ለ" መካከለኛው። ምድብ "ሐ" የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከመሬት ወለል ተለክተው ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሕንፃዎችን ይይዛል። አንድ ወለል በአማካይ 3 ሜትር ብንለው 12 ሜትር ማለት ጂ ፕላስ ሦስት ገደማ ነው። ከዚያ ስታልፉ ሕጉ አይከለክላችሁም፤ ነገር ግን የሚጠየቀው የባለሙያ ደረጃና ቁጥጥር ይጨምራል። ከፍ ካልክ ተጠያቂነትህም ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ በመርህ ደረጃ ከሮም የተሻለ ሐሳብ ነው።

እዚህ ጋ ግን ሁለቱን ደንቦች አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ፕላኑ መንገድ ዳር ቢያንስ ጂ ፕላስ አራት ካለ፣ ባለቦታውን ሁሉ በግድ ወደ ምድብ "ሐ" እየገፋው ነው። አቅም የሌለው ሰው አቅም የሚጠይቀውን ሕንፃ ሲጀምር ምን ይሆናል? ብረቱን ይቀንሳል። ሲሚንቶውን ያሳሳል። መሐንዲሱን ፊርማ ብቻ ይጠይቀዋል። ወይ ምድር ላይ ያለውን ወለል ጨርሶ ሱቅ ያከራይና ላዩ ፌሮው እንደ ተገተረ ለዓመታት ይቆያል። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የተባለው ለዚህ ነው የሚመስለው።

ምድር ላይ ያለው ወለል ላይ ደግሞ አንድ ችግር አለ። መንገድ ዳር ያለ ሕንፃ ታቹ ሱቅ ነው፤ ሱቅ ደግሞ መስታወት እንጂ ግድግዳ አይፈልግም። ላዩ ቢሮና መኖሪያ ስለሆነ በብሎኬት ተከፋፍሎ ጠጥሯል። ስለዚህ ሕንፃው ከወገቡ በላይ ጠንካራ፣ እግሩ ላይ ለስላሳ ይሆናል። መሬት በጎን ስትገፋው ጉልበቱ ይታጠፋል። መሐንዲሶች በብዙ አገር መንቀጥቀጥ ያዩትና የሚፈሩት ጉዳት ይህ ነው። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ የታችኛውን ዓምድ ማጠንከር፣ በተወሰነ ቦታ ሙሉ የኮንክሪት ግድግዳ ማስገባት፣ የብረቱን አስተሳሰር መቆጣጠር። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስምንተኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ አገሪቱን በስጋት ቀጠና ከፋፍሎ ስሌቱን ያስቀምጣል። እውቀቱ አልጎደለንም።

ማስታወሻው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ተናወጠች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በሬክተር ስኬል 5.7 የተለካው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከፎቅ አስወረደ፤ እዚያው አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። ፈንታሌ ማለት ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ከሚታየው ቆላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይም ሰው "ተሰማህ?" ተባባለ። በዚያ ሳምንት "ጂ ፕላስ ስንት?" የሚለው ጥያቄ ሌላ ቃና ነበረው።

አሁን ወደ አንኮበር እንመለስ። የ2001ዱ አዋጅ በዋናነት 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ታሳቢ ያደርጋል። የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ጎረቤላ ትንሽ ከተማ ናት። ታሪክ የመዘገበው ናዳና መንቀጥቀጥ የወረደባት ምድር በቁጥር ሚዛን ቀላል ሆነች። ደግሞ "ከመሬት ወለል 12 ሜትር" የሚለው መለኪያ አንኮበር ላይ ያስቃል። የትኛው መሬት? ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ከመንገዱ ወገን ጂ ፕላስ አንድ ነው፤ ከጓሮው ወገን ጂ ፕላስ ሦስት። ሜትር የሚይዘው ሰው የት እንደሚቆም ካልተነገረው ደንቡ ሁለት መልስ አለው።

ማጀቴን አስታወሱ? እዚያ የፈረሰው ሰማይ ጠቀስ አልነበረም። ስለዚህ "ዝቅ እንበል" ብቻውን መልስ አይሆንም፤ "ከፍ እንበል" ብቻውንም። የተሻለው ደንብ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መሬቱ ምን ይሸከማል? ሕንፃው ሲወዛወዝ እግሩ ይጸናል? ትናንት እዚያ የነበረው ሰው ነገም እዚያ ይኖራል? ፎቁ የሚቆጠረው ከእነዚህ በኋላ ነው። እኛ ቁጥሩን ቀድመን ጻፍነው።

ከኮረብታው ላይ

አንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ። ዳገቱን በእግር ስትወጡት ልብ ይመታል፤ ብርዱም አይምርም። የምኒልክ ግቢ ከነበረው የቀረው የድንጋይ መሠረትና ግድግዳ ነው። እንጨቱ፣ ክዳኑ፣ አዳራሹ፣ ያ ሁሉ ከፍ ያለ ነገር የለም። መሠረቱ ነው የቀረው።

አናቱ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ቆላው እስከ አፋር ተዘርግቷል። ወደ ታች ብታዩ በተዳፋቱ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ያበራሉ፤ ሕፃናት ከብት ይነዳሉ፤ ሴቶች ከአልዩ አምባ ገበያ ሽቅብ ይወጣሉ። ሸክማቸውን ተሸክመው በአንድ ትንፋሽ የሚወጡት ቁመት ከየትኛውም የደብረ ብርሃን ሕንፃ ይበልጣል። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ጂ ፕላስ እንዳለ ማንም ቆጥሮላቸው አያውቅም።